የትንሿ ድምፅ የጠፋበት ጠዋት

ፎልደሩ ባዶ ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ዘግቶ ደግሞ ከፈተው። ባዶ። ዓይኑን አሻሽቶ ሌላ ጊዜ ከፈተው። ያው ባዶ። ትናንት እዚያ ውስጥ አንድ ሙሉ መጽሐፍ በአንዲት ሴት ድምፅ ተነብቦ ተቀምጦ ነበር። ዛሬ አንዲት ቃል የለችም።

ቤቱ ለዓይነ ስውራን መጻሕፍት በድምፅ የሚቀዱበት ቤት ነው። ግድግዳው በወፍራም ስፖንጅ ተለብጧል፣ ወለሉ ምንጣፍ ነው። እዚያ የገባ ሰው ኮቴው በር ላይ ይቀርበታል። ጉሮሮውን ይጠርግና ድምፁ የት እንደገባ ለማየት ዞር ይላል። ያን ዕለት ጠዋት ደግሞ ውጭው ጉምና ካፊያ ነበር። ቤቱ ከነሰዎቹ ጥጥ ውስጥ ተጠቅልሎ የተቀመጠ ዕቃ ይመስል ነበር።

የጠፋው የትንሿ ድምፅ ነው። ትንሿ ሃምሳን ካለፈች ቆይታለች፤ ግን ታላቅ እህት ያላት ሴት ዕድሜዋን ማን ይቆጥርላታል? እዚያ ቤት አራሚ ሆና ስትሠራ የኖረችው ሌሎች ሲያነቡ እያዳመጠች ስሕተት መልቀም ነበር። በመጨረሻ አንድ መጽሐፍ ራሷ እንድታነብ ሰጧት። አንብባ ጨረሰች። በዚያው ቀን ሆስፒታል ገባች። ሐኪሞቹ ሕይወቷን አትርፈው ማንቁርቷን አወጡት። ከእንግዲህ ድምፅ አይወጣትም። በዚህ ዓለም ላይ የቀራት ድምፅ ያ መጽሐፍ ነበር። እሱም ዛሬ የለም።

«ሌባው ይኸው!» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ ጣቱን ቀስሮ።

ጣቱን የቀሰረው ጆሮ በሚሉት ሰው ላይ ነው። ጆሮ ደግሞ ከተወለደ ጀምሮ አያይም። ለማያይ ሰው ጣት የሚቀስር ሰው እንግዲህ ምን ዓይነት ሥራ አስኪያጅ እንደሆነ መገመት አያቅትም።

ጆሮ ድምፅ ቀጂው ነው። ቅጽል ስሙን ያወጣለት ሥራው ነው። ዝንብ ብርጭቆ ጠርዝ ላይ ብታርፍ «ቆይ፣ ከላይ ጀምረሽ አንብቢ» ይላል። ያን ጠዋት ግን ወንበሩ ላይ ኩርምት ብሎ፣ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ፣ አንዲት ሴት ይጠብቅ ነበር።

ሴትየዋ ጃንጥላዋን ሳታጥፍ ገባች።

የትንሿ ታላቅ እህት ናት። ዕድሜዋን ሙሉ የወንጀል መርማሪ ነበረች። የሥራ ባልደረቦቿ ወስፌ ይሏት ነበር፤ ጥያቄዋ የወፈረ ቆዳም ቢሆን ወግቶ ያልፋልና።

«እማማ፣ ውሃ አይንጠባጠብብን፣ ዕቃ አለ» አላት ሥራ አስኪያጁ።

«እማማ የምትላት ቤትህ ትቆይህ። ምን ጠፋ?»

«ይኼ የፖሊስ ጉዳይ ነው። እርስዎ ጡረታ ወጥተዋል እኮ።»

«ጡረታ የወጣው ደመወዜ ነው። ምን ጠፋ አልኩህ?»

ነገራት። ሲነግራት ፊቷ አልተለወጠም፤ የጃንጥላው እጀታ ላይ ያለው ጣቷ ግን ነጣ።

ትንሿ ከሆስፒታል ከወጣች ወዲህ ሁለቱ እህቶች አብረው ነው የሚኖሩት። ቤቱ ፀጥ ብሏል። ወስፌ «መጽሐፉ ሲወጣ እሰማታለሁ» እያለች ነበር ቀኑን የምትገፋው። ለማንም አልተናገረችም። እንደሷ ያለ ሰው እንዲህ ያለውን አይናገርም።

«ቅጂ የለውም?»

«ሁለተኛ ዲስክ ይገዛልን ብዬ ጠይቄ ነበር» አለ ጆሮ።

ወስፌ ሥራ አስኪያጁን ከእግር እስከ ራስ አየችው። «ኮት ትገዛለህ፤ ዲስክ አትገዛም?»

«በጀት የሚባል ነገር አለ! ለማንኛውም ከምሳ በኋላ ባለሙያ ይመጣል። ኮምፒውተሩን ከነዲስኩ አጽድቶ እንደ አዲስ ይጭነዋል። አዲሷ አንባቢ መጽሐፉን ከመጀመሪያው ታነበዋለች። አድማጭ ይጠብቃል። እሱን ደግሞ» አሁንም ጣቱን ቀሰረ፣ «ለፖሊስ አስረክበዋለሁ።»

«አጽድቶ ማለት?»

ጆሮ ነው የመለሰላት። «የቀረ ነገር ካለም ይጠፋል ማለት ነው፣ እትዬ። ኋላ ቢቆፈር አይገኝም።»

ወስፌ ጃንጥላዋን አጠፈች።

«እስከ ምሳ የኔ ነው» አለች። «አንተ ውጣልኝ።»

«ከገዛ ቢሮዬ?»

«ከፊቴ።»

ወጣ። እንዲህ ያለ ሰው በሩን በኃይል መዝጋት ይወዳል፤ እዚያ ቤት ግን በር ድምፅ የለውም። እንደ ትራስ ወድቆ ተዘጋ።

ወስፌ የኮምፒውተሩን ሳጥን ዞራ አየች። ብሎኑ ላይ የተለጠፈው የዋስትና ወረቀት አልተቀደደም። ከጀርባው ያለው አቧራ እንደተኛ ነው።

«ይህን ሳጥን ማንም አልፈታውም። ሌባ ቢሆን ዲስኩን ነቅሎ ይሄድ ነበር። የይለፍ ቃሉን ማን ያውቃል?»

«እኔ። አራሚዋና አዲሷ አንባቢም ያውቃሉ። መብራት ሄዶ ሲመጣ እኔ ባልኖር የሚያስነሱት እነሱ ናቸው።»

«አለቃህስ?»

«ጠይቆኝ አያውቅም።»

«አያስገርምም። ክፈተውና ዲስኩ ትንፋሽ እንዳለው እይልኝ።» ካለች በኋላ ምን እንዳለች ገባት። አላፈረችም። ጆሮም ፈገግ አለ።

የጆሮ ኮምፒውተር ይናገራል። ስክሪኑ ላይ የተጻፈውን ሁሉ የሚያነብለት ፕሮግራም አለው። ድምፁ የወንድም የሴትም አይደለም፤ ከእንቅልፉ ሳይነቃ የሚያወራ ሰው ይመስላል። በዚያ ስፖንጅ ክፍል ውስጥ፣ ጉሙ መስኮቱ ላይ ተደግፎ እያየ፣ ያ የተኛ ድምፅ ቃል በቃል ያንጠባጥብ ጀመር። ወስፌን እንደማንጎላጀት አደረጋት።

«አለ!» ጆሮ ወንበሩ ላይ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። «ዲስኩ አለ እትዬ! ሙሉ ነው፤ አልተሰረዘም!»

«ታዲያ ፎልደሩን ምን ባዶ አደረገው?»

«ዲስኩ ማውንት አልተደረገም።»

«በሰው ቋንቋ ንገረኝ።»

«ኮምፒውተሩ የሚሠራው ሊኑክስ በሚባል ሥርዓት ነው። እዚህ ላይ ዲስክ ስለተሰካ ብቻ አይታይም፤ ከአንድ ፎልደር ጋር መያያዝ አለበት። ዲስኩ ዕቃ ቤት ነው ይበሉ። ፎልደሩ መግቢያው ነው። ካልተያያዙ፣ መግቢያውን ከፍተው ሲገቡ ባዶ መተላለፊያ ላይ ይቆማሉ። ዕቃው ግን ግድግዳው ማዶ በሰላም ተኝቷል።»

«ማን ነው የሚያያይዛቸው?»

«ራሱ ነው። ሲነሳ ኤፍኤስታብ የሚባል ፋይል ያነባል። እዚያ ላይ ‹ይህን ዲስክ ከዚህ ፎልደር ጋር አያይዝ› የሚል መስመር አለ። ያነባል፣ ያያይዛል፣ አለቀ።»

«እና ዛሬ ምን ነካው?»

ጆሮ ትእዛዝ ጻፈ። የተኛው ድምፅ መለሰ፦ እንዲህ ያለ መስመር በኤፍኤስታብ ውስጥ አልተገኘም።

ፋይሉን ከፈተ። የተኛው ድምፅ መስመሩን አነበበ። የዲስኩ መለያ አለ። የፎልደሩ ስም አለ። አንድ ቃል አልጎደለም።

ጆሮ ደግሞ አስነበበው። ላብ አጠመቀው።

«አለ እኮ! በጆሮዬ እየሰማሁት! የለም ይለኛል፤ ሄጄ ስሰማው አለ! አበድኩ እንዴ?»

ወስፌ በሕይወቷ ብዙ ምስክር ሰምታለች። ሁለት ምስክር ተቃርኖ ሁለቱም የማይዋሽበት ቀን አለ። እንዲህ ሲሆን አንዱ ያላየውን ሌላው አይቷል ማለት ነው። መነጽሯን አወጣች። ፊቷን ስክሪኑ ላይ ልትለጥፈው ምንም አልቀራት።

«መስመሩ መጀመሪያ ላይ ያለች ይቺ መሰላል ምንድን ናት?»

«ምን መሰላል?»

«ስልክ ላይ ካርድ ስንሞላ መጨረሻ ላይ የምንነካት።»

ጆሮ ፀጥ አለ።

በዚያ ቤት ፀጥታ ብርቅ አይደለም። ይኼኛው ግን ሌላ ነበር፤ ሰውየው ራሱ ከክፍሉ የወጣ መሰለ።

«መሰላል ከፊቱ ከተደረገበት» አለ ቆይቶ፣ «ማሽኑ መስመሩን እንደሌለ ይቆጥረዋል። ዘሎት ያልፋል።»

«ለምን አልሰማኻትም?»

«ምልክት እንዳያነብ ካደረግሁት ቆይቷል። ቃል ብቻ ነው የሚያነብልኝ። ኮማ ኮከብ መሰላል እያለ ሲለፈልፍ ያደክማል። ረስቼው ነበር።»

«እንግዲህ ይህን ያደረገው ምልክቷ እንደማትሰማህ የሚያውቅ ሰው ነው። ማን ያውቃል?»

ጆሮ እጁን ከኪቦርዱ ላይ አነሣ። ጭኑ ላይ አስቀመጠው።

«እኔ ነኝ» አለ።

«ምን?»

«እኔ ነኝ ያደረግኩት። ለፖሊስ ይንገሩ። አሁን በእጄ ላያይዘውና ይለቅ።»

«እጅህን እንዳትነቃንቅ! ማስረጃ ነው። ደግሞ ስማኝ፤ ያላደረጉትን አደረግን የሚሉ ሰዎች አይቻለሁ፣ እንዳንተ የማይችልበት ግን አላየሁም። የራሱን ወጥመድ ሲፈልግ እንዲህ ላብ የሚያጠምቀው ሌባ የለም። ማንን ነው የምትሸፍነው?»

ጆሮ ራሱን ነቀነቀ።

ወስፌ በሩን ከፍታ ሥራ አስኪያጁን በጣቷ ጠራችው። «ትናንት ማን ነው እዚህ ኮምፒውተር ላይ የተቀመጠው?»

«አዲሷ አንባቢ! ማታ ስወጣ ለብቻዋ ነበረች። እኔን ሳይ ደንግጣ የጆሮ ማዳመጫውን ጣለችው።»

«ይህን አሁን ነው የምትነግረኝ? ጥራት።»

አዲሷ አንባቢ ገባች። ወጣት ናት። መሐረቧን እንደ እርጥብ ልብስ ትጠመዝዛለች። ወስፌ አላስቀመጠቻትም።

«ትናንት እዚህ ምን ትሠሪ ነበር?»

«ምንም።»

«ምንም የማይሠራ ሰው ማዳመጫ አይጥልም። መጽሐፉ ከጠፋ አንቺ ነሽ የምታነቢው። አይደል?»

«አዎ፣ ግን...»

«ግን ምን?»

«እሷን ነበር የማዳምጠው!» ልጅቷ አለቀሰች። «በየቀኑ ማታ ማታ ሰው ሲወጣ አዳምጣታለሁ። የት ላይ እንደምትተነፍስ ልማር ብዬ። እኔ ሳነብ ትንፋሼ ይሰማል፤ የሷ አይሰማም። ትናንትም ሰምቻታለሁ። ነበረች። በእናቴ እምላለሁ፣ ትናንት ማታ ነበረች!»

ወስፌ መሐረቡን ከእጇ ወስዳ ዓይኗን ጠረገችላት። ጠረጋው ግን ጥፊ ይመስል ነበር። «ሂጂ። ሰው ሲማር አይደበቅም።»

ልጅቷ ወጣች።

«ትናንት ማታ ከነበረች፣ ምልክቷ የተደረገችው ሌሊት ነው ማለት ነው?» አለች ወስፌ።

ጆሮ የወንበሩን መደገፊያ ዳበሰ።

«አንተን ነው!»

«ላይሆን ይችላል» አለ በግድ። «ፋይሉን የሚያነበው ሲነሳ ብቻ ነው። አንዴ ከተነሳ በኋላ መሰላሏ ብትደረግ ምንም አይለወጥም። ድምፁ የሚጠፋው ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲነሳ ነው። ከብዙ ጊዜ ወዲህ ጠፍቶ አያውቅም፤ መብራት ሲሄድ የሚይዘው ባትሪ ነበረው። ትናንት ሌሊት መብራት ሲሄድ ግን ባትሪው አልያዘም። ጠዋት እንደ አዲስ ተነሳ።»

«ስለዚህ ምልክቷ ከዚያ በፊት በማንኛውም ቀን ተደርጋ፣ እስከ ዛሬ አድፍጣ ሊሆን ይችላል።»

«ይችላል።»

«ፋይሉ የተነካበትን ቀን ይናገራል?»

«አይናገርም።»

«ጆሮ!»

ጆሮ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ብርሃን ባያይም ሰው የሚሸሽበት አቅጣጫ አያጣም።

«ይናገራል» አለ።

«አስነብበው።»

«እትዬ፣ ይተዉት። ሳይሰሙት እንግባባ።»

«አስነብበው ነው የምልህ!»

ጻፈ። የተኛው ድምፅ ቀኑን ነገራቸው። ወሩን፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ አንድም ሳይጨነቅ።

ወስፌ የአንባቢዎቹ ወንበር ላይ ዘፍ አለች።

ያን ቀን እንዴት ትረሳዋለች? የሆስፒታሉን ቦርሳ አዘጋጅታ፣ ታክሲ አቁማ፣ ከዚህ ቤት በር ላይ ስትጠብቅ ነበር። ትንሿ የመጨረሻዋን ምዕራፍ አንብባ ወጣች። ታክሲው ውስጥ ሳትናገር መስኮቱን ስታይ ሄደች። ወስፌም ፈርታ ነው ብላ እጇን ያዘችላት። አዲሷ አንባቢ ያኔ ገና አልተቀጠረችም።

«ትንሿ ‹ራሴን አመመኝ፣ ምልክት ማንበቡን አስተወው› አለችኝ» አለ ጆሮ። «አስተውኩት። የመጨረሻ ቀን ሞቅ ያለ ውሃ ላመጣላት ወጣሁ። ስመለስ ወንበሬ ሞቆ ነበር። ስንት ዓመት አጠገቤ ተቀምጣ ስሠራ ስትሰማ የኖረች ናት። እኔ የማውቀውን ሁሉ ታውቃለች።»

ወስፌ ተነሣች። ጃንጥላዋን ረስታ ወጣች።

ቤቷ ማዶ መንገድ ላይ ነው። በጉሙ ውስጥ ስትሻገር መኪኖቹ ድምፅ የሌላቸው መሰላት። ትንሿ አንገቷ ላይ ሻርፕ ጠምጥማ መስኮት ስር ተቀምጣለች። የእህቷን ፊት አየች። አወቀች።

«አንቺ ነሽ» አለች ወስፌ።

ትንሿ በአንገቷ አዎ አለች። ከዚያ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ድምፅ የለውም፤ ወስፌ ግን ማንበብ ለምዳለች።

‹ስነቃ ድምፄ ካለ፣ ተመልሼ ምልክቷን አነሣታለሁ ብዬ ነበር። ከሌለ ግን እሱም ይተኛ።›

«ለምን አትሰርዢውም ነበር?»

‹እጄ እምቢ አለኝ። መግደል አልቻልኩም። ማስተኛት ነው የቻልኩት።›

«ጆሮን ሌባ አሰኝተሽዋል፤ ታውቂያለሽ? ለፖሊስ ሊሰጡት ነው። እሱ ደግሞ ጅል ነውና ‹እኔ ነኝ› ብሎልሻል።»

ትንሿ አፏን በእጇ ያዘች።

«ከምሳ በኋላ ደግሞ ሰው መጥቶ ዲስኩን ያጸዳዋል። ያስተኛሽው ከእንግዲህ አይነሣም። ይህንስ ፈልገሽው ነው?»

‹አላወቅሁም። ያጸዱታል ብዬ አላሰብኩም ነበር። እንዲያው ዝም ብሎ እንዲቆይ፣ እኔ ሳልሰማው። በየሰዉ ቤት ያቺ የተቀዳችው ስታወራ፣ እኔ እዚህ ዝም ብዬ? እንደ ሞተች ሴት ነው የሚሰሙኝ።›

«ደህና አድርገው ይስሙሽ! ሞታለች ያለ ካለ መጥቶ እኔን ያናግር።»

ትንሿ ሳቀች። ሳቋም ድምፅ የለውም፤ ትከሻዋ ብቻ ተነቃነቀ። ያ ድምፅ የሌለው ሳቅ ወስፌን ሰበራት። ነፍሰ ገዳይ ፊት ቁጭ ብላ አድርጋው የማታውቀውን ነገር አደረገች፤ ለመነች።

«እኔ ልስማሽ እፈልጋለሁ» አለች። «ቀን ቀን ሳህን ከሳህን አጋጫለሁ፣ ቤቱ ውስጥ የሆነ ሰው ያለ እንዲመስለኝ። አለቃሽ እንዳለ ገደል ይግባ፤ መጽሐፉም ይግባ። ያንቺ ነው፤ ተኝቶ ይቅር ካልሽ ዲስኩን ራሴ ነቅዬ አመጣልሻለሁ፣ ማንም አይነካውም። ግን ልስማሽ።»

ትንሿ ለረጅም ጊዜ ጉሙን አየች። ከዚያ ጫማዋን ፈለገች።

የድምፅ ቤቱ በር ላይ ባለሙያው ሻንጣውን ይዞ ቆሟል። ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን ያያል።

«ሌባው ተገኘ?»

«ተገኘች» አለች ወስፌ። «በቁጥጥሬ ሥር ናት። አንተ ባለሙያ፣ ወንበር አለልህ፤ ሻንጣህን ሳትከፍት ተቀመጥ።»

ሥራ አስኪያጁ ትንሿን አየ። አፉን ከፈተ። ወስፌ አየችው። አፉን ዘጋ።

ጆሮ ኮቴ ሳይሰማ ማን እንደገባ አውቆ ተነሣ። ምልክቷን በአንድ ጣት ሊያነሣት ይችል ነበር፤ አላደረገውም። ወንበሩን ጎትቶ አመቻቸላት።

«ትንሿ» አለ፤ «ልብሽ ካልወደደ አታድርጊው። እኔ እስር ቤትም ገብቼ እሠራለሁ፤ እዚያ ፀጥታ አለ ይላሉ።»

ትንሿ ትከሻውን በቡጢ መታችው። ተቀመጠች። መስመሩ መጀመሪያ ላይ ሄደች። ጣቷ ቁልፉ ላይ ቆየ። ተጫነችው። መሰላሏ የለችም።

ጆሮ ጎንበስ ብሎ የማያያዣውን ትእዛዝ ጻፈ። ማሽኑ ምንም አልተናገረም።

«ምን አለ?» አለች ወስፌ።

«ምንም። ሊኑክስ ሲሳካለት ዝም ይላል።»

ፎልደሩ ሞልቷል። ጆሮ የመጨረሻዋን ምዕራፍ ከፈተ። መጀመሪያ ወንበር ሲንሸራተት ተሰማ። ብርጭቆ ተቀመጠ። ቀጥሎ ከዚያ ሁሉ ስፖንጅ ውስጥ፣ ሞቃት፣ ትንሽ ሻካራ የሆነ የሴት ድምፅ «ጆሮ፣ ጀመርን?» አለ።

ወስፌ ግድግዳውን ያዘች።

ንባቡ ጀመረ። ትንሿ ዓይኗን ጨፍና ነበር። ከዚያ ከንፈሯ መንቀሳቀስ ጀመረ። ቃላቱን በቃሏ ታውቃቸዋለች። ከንፈሯና ድምፁ መጀመሪያ ተቀዳደሙ፤ ቀስ እያሉ ተገናኙ። ለአፍታ ድምፁ ከግድግዳው ይሁን ከአፏ የሚለይ ሰው አልነበረም። አዲሷ አንባቢ በሩ ላይ ቆማ ትንፋሿን ያዘች። ሥራ አስኪያጁ እንኳ ኮቱን ማስተካከል ተወ።

ድንገት ትንሿ እጇን አነሣች። ጆሮ ባያይም ወንበሩ ሲንቀሳቀስ ሰምቶ አቆመው።

«ምን አለች?»

ወስፌ ከንፈሯን አነበበች። «እዚህ ጋ ተሳስቻለሁ ትላለች። አንድ ቃል ዘልላለች።»

በዚያ ክፍል ውስጥ ትንሿ አንዲት የተዘለለች ቃል ያሳለፈችላት አንባቢ አልነበረችም። ስንቱን «ከላይ ጀምሪ» እያለች አስለቅሳለች። ከእንግዲህ ከላይ መጀመር የለም።

«ታዲያ ምን ይሁን?» አለ ጆሮ ቀስ ብሎ።

ትንሿ ስክሪኑን አየች፣ እህቷን አየች። አሰበች። ከንፈሯ አንዴ ተንቀሳቀሰ።

ወስፌ መነጽሯን አወለቀች። ጠርጋ ዓይኗ ላይ መለሰችው።

«ይለፍ ትላለች።»